ኤሌክትሪክ ታዳሽ ነው ወይስ የማይታደስ? ልጄ ፈተና ላይ የሳተችው ጥያቄ

የሜሮን አባት

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው የመጣሁት።

ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት የሳይንስ ፈተናዋን ይዛ መጣች። ከ20 ጥያቄ 19ኙን አግኝታለች። የሳተችው አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ከሚከተሉት ውስጥ የማይታደስ ሀብት የትኛው ነው?» ምርጫዎቹ ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ውሃ እና ኤሌክትሪክ ናቸው። እሷ አንዱንም አልከበበችም። ከጎኑ በእርሳስ «መልስ የለውም» ብላ ጽፋለች። መልሱ ተብሎ የተሰጣት ኤሌክትሪክ ነው።

ማታ እራት ላይ ጠየቀችኝ። «አባዬ፣ የእኛ መብራት ከአባይ አይደል የሚመጣው? አባይ ደግሞ በየክረምቱ ይሞላል። ታዲያ ለምንድነው የማይታደሰው?»

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሳይንስ ከተማርኩ ቆየሁ። ልመልስላት ሞከርኩ፣ መሀል ላይ ቀረሁ። ያስጨነቀኝ አንዷ ነጥብ አይደለችም። ልጅቷ በራሷ አስባለች። ያሰበችው ልክ ከሆነ «ልክ ነሽ» ልላት እፈልጋለሁ። ከተሳሳተችም የቱ ጋ እንደሆነ ላሳያት። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

---

ቤተልሔም_ከጀሞ

ልጅቷ ልክ ናት። አገራችን ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። ውሃ ታዳሽ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክም ታዳሽ ነው። ነጥቧን ይመልሱላት።

---

ማተሚያ ቤት

ቤቲ፣ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። መርካቶ አካባቢ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለኝ። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር አስነሳለሁ። ማሽኖቼ ልዩነቱን አያውቁም። ያው ኤሌክትሪክ ነው። ግን ያኛው ከውሃ መጣ፣ ይሄኛው ከናፍታ። ናፍታ ደግሞ አንዴ ከተቃጠለ ተቃጠለ።

በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ሶኬት፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም እጠቀማለሁ። ታዲያ የትኛውን ነው ታዳሽ የምንለው?

---

መምህር ዘ ፊዚክስ

የሜሮን አባት፣ ልጅዎን ሳሙልኝ። 22 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። «መልስ የለውም» ብሎ ለመጻፍ ድፍረት ያለው ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም።

ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። ምርጫዎቹ አንድ ዓይነት ነገሮች አይደሉም። ፀሐይ፣ ነፋስና ውሃ ምንጮች ናቸው። ኤሌክትሪክ ምንጭ አይደለም። ከምንጭ የሚሠራ ነገር ነው።

ክፍል ውስጥ ይህን ሳስረዳ እንጀራን እጠቅሳለሁ። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ገብስ፣ እንጀራ ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፍና «የቱ እህል ነው በልግ የሚዘራው?» እላለሁ። ልጆቹ ወዲያው ይጮኻሉ። «መምህር፣ እንጀራ እኮ እህል አይደለም!» ልክ ነው። እንጀራ ከጤፍም ይጋገራል፣ ከማሽላም፣ ከገብስም፣ ከድብልቅም። ምን ዓይነት እንጀራ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ከምን እንደተጋገረ ይጠይቃል። ኤሌክትሪክም እንደዚያ ነው። ብቻውን ታዳሽም፣ የማይታደስም አይባልም። ከምን እንደመነጨ ተጠይቆ ነው።

አሠራሩን ላብራራ፣ ምክንያቱም ሜሮን ይህን ካየች ሌላው ይቀላታል። ማይክል ፋራዴይ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1831 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አረጋገጠ። ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። እስከ ዛሬ አብዛኛው የዓለም ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በዚሁ መንገድ ነው። ማግኔቱን የሚያሽከረክር ነገር ያስፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜ ተርባይን የሚባል መዘውር ነው። አባይ ላይ የሚያሽከረክረው ውሃ ነው። አዳማና አሸጎዳ ላይ ነፋስ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ደግሞ የተሠራው ከምድር ሆድ በሚወጣ እንፋሎት እንዲሽከረከር ነው። ሌላ አገር ሄደህ የድንጋይ ከሰል ወይም ጋዝ አቃጥለው ውሃ ያፈላሉ፣ እንፋሎቱ ያሽከረክረዋል። የኒውክሌር ጣቢያም ቢሆን መጨረሻ ላይ ውሃ የሚያፈላ ትልቅ ጀበና ነው በሉት። ከዚህ መስመር የወጣው የፀሐይ ፓኔሉ ነው። እሱ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል።

«መብረቅስ? እሱ የተፈጥሮ ኤሌክትሪክ አይደለም ወይ?» የሚል ተማሪ በየዓመቱ ይነሳል። ነው። ግን ይዘን የምንጠቀምበት ሀብት አይደለም።

---

የሜሮን አባት

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእንጀራውን ነገር አሁኑኑ ነግሬያት ገባት። ሳቀች። ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ አመጣች። «ውሃው ተርባይኑን ካዞረ በኋላ ያልቃል ወይ?»

---

ዳንኤል_ኃይል ማመንጫ

ይህን ለእኔ ተዉልኝ። ግድብ ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ።

አያልቅም። ውሃው ከላይ ገብቶ ተርባይኑን ያሽከረክርና በታች በኩል ወደ ወንዙ ይመለሳል። የሰጠን ከፍታውን ነው። ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የነበረውን ጉልበት ነው የወሰድነው። ወደ ላይ የሚመልሰው ደግሞ ፀሐይ ነው። ከባሕር ታተነዋለች፣ ደመና ይሆናል፣ ጎጃምና ወሎ ተራራ ላይ ይዘንባል።

ሜሮን ቁጥር የምትወድ ከሆነ ይህን አስሉ። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ሲወርድ የሚሰጠን ብክነቱ ተቀንሶ ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል። እናት 1 ሰዓት ሙሉ ከጋገረች 14 ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ወርዶላታል ማለት ነው። በ200 ሊትሩ በርሜል 70 በርሜል ነው! እኔ ራሴ መጀመሪያ ሳሰላው ደንግጫለሁ። ያው ጋገራ በናፍታ ጄኔሬተር ቢሆን ከ1 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ናፍታ ይፈጃል። በድንጋይ ከሰል ጣቢያ ቢሆን 1 ኪሎ ተኩል ከሰል ገደማ።

ናፍታውና ከሰሉ እንዴት ያለ የታመቀ ጉልበት እንደያዙ ከዚህ ይታያል። ለዚህም ነው ዓለም ሁሉ ሊላቀቃቸው የተቸገረው። ግን 70ው በርሜል ውሃ ከነሙሉነቱ ወንዙ ውስጥ አለ። ናፍታው የለም። እንደገና እስኪፈጠር ሚሊዮኖች ዓመታት ይፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ታዳሽ ማለት ሁልጊዜ አለ ማለት አይደለም። ግንቦት 2011 ዓ.ም. ትዝ ይላችኋል? የጊቤ 3 ውሃ ቀነሰና አገር ምድሩ በፈረቃ ሆነ። ውሃው ታዳሽ አልነበረም? ነበር። ግን ዝናቡ ሲያጥር እድሳቱም ይዘገያል። ትልቅ ሐይቅ የሚሠራው ለዚህ ነው። ሕዳሴ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። አባይ በአማካይ በዓመት የሚያወርደው 49 ቢሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ ክፉ ዓመት ቢመጣ ከደጉ ዓመት የተረፈው ይደግፈዋል።

---

ሰላማዊት_አሽቀሎን

ሰላም ከእስራኤል። ይህን ክር ከልጆቼ ጋር ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት።

እኛ ጋ የሜሮን መልስ ሌላ ይሆን ነበር። እዚህ አብዛኛው ኤሌክትሪክ ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዙ ታማርና ሌቪያታን ከሚባሉ ከባሕር በታች ካሉ ቦታዎች ይወጣል። ከከተማችን በስተደቡብ ባሕሩ ዳር ያለው ጣቢያ የተሠራው ለድንጋይ ከሰል ነው። ስለዚህ እኔ ምጣዴን ስሰካ የማቃጥለው በአብዛኛው ጋዝ ነው። እንጀራው ያው እንጀራ ነው፣ ጤፉም ከአገር ቤት የመጣ ነው። መብራቱ ግን ሌላ ነው።

ፀሐይም አለን። ነጌቭ በረሃ አሻሊም የሚባል ቦታ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ መስታወቶች ፀሐይዋን ወደ አንድ ረጅም ግንብ አናት ያነጣጥራሉ። እዚያ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። መምህር ያሉት ጀበና እዚህም አለ።

ደግሞ ሌላ ነገር። እዚህ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የመኖሪያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲኖር ሕግ አለ። ዱድ ሸመሽ ይሉታል። ውሃውን ፀሐይዋ ራሷ ታሞቀዋለች። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር መሀል ላይ አይገባም። ልጄ «ታዲያ ፀሐይን ለመጠቀም የግድ ኤሌክትሪክ ማድረግ አያስፈልግም» አለኝ። እኔ አስቤው አላውቅም ነበር።

---

ኪዳን 7

ይቅርታ፣ ሁላችሁም አወሳሰባችሁት። ፊዚክስ «ኃይል አይፈጠርም አይጠፋም» ይላል። ካልጠፋ ሁሉም ታዳሽ ነው። አለቀ።

---

መምህር ዘ ፊዚክስ

ኪዳን፣ ይህን ሐሳብ ስላነሳኸው ደስ ብሎኛል። ሕጉ እውነት ነው። ግን «አይጠፋም» እና «እንደገና እንጠቀምበታለን» አንድ አይደሉም።

እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ ምጣዱ ውስጥ የነበረው ጉልበት የት ሄደ? ወደ ኩሽናው አየር፣ ወደ ግድግዳው፣ በመስኮት ወደ ውጭ ሄዷል። አልጠፋም። ግን መልሰህ ልትሰበስበው አትችልም። ጉልበት በተጠቀምንበት ቁጥር ይበተናል። አንድ ሀብት ታዳሽ የሚባለው ተፈጥሮ እኛ በምንጠቀምበት ፍጥነት አዲስ ስታመጣልን ነው። ፀሐይዋ ነገም ትወጣለች። የተቃጠለው ናፍታ ግን ነገ ጉድጓዱ ውስጥ አይገኝም።

---

ኪዳን 7

ገባኝ መምህር። በምንጠቀምበት ፍጥነት የሚለውን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ።

---

ትዕግሥት_አቡ ዳቢ

እኔ ያለሁት ኤምሬትስ ነው። ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ አየር ማቀዝቀዣ ሌት ተቀን ስለሚሠራ የመብራት ነገር ሁሌ ያስገርመኛል። ባራካ የሚባል ቦታ የኒውክሌር ጣቢያ አላቸው። 4 ማብላያ ነው። የአገሪቱን ኤሌክትሪክ ሩብ ያህል ይሰጣል ይባላል። ጭስ የለውም። የምሠራበት ቤት ልጅ «የእኛ ታዳሽ ነው» አለኝ። እውነት ነው ወይ?

---

ዳንኤል_ኃይል ማመንጫ

ትዕግሥት እህቴ፣ ጥያቄሽ ትልቅ ነው። ኒውክሌር የሚሠራው በዩራኒየም ነው። ዩራኒየም ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ነው። የወጣው አይተካም። ስለዚህ በተለመደው አነጋገር ታዳሽ አይባልም። ግን ሲያመነጭ ካርቦን አያጨስም። ይህን የሚገልጸው «ንጹህ» የሚለው ቃል ነው። ሰው «ንጹህ» እና «ታዳሽ»ን አንድ አድርጎ ይወስዳል። አንድ አይደሉም።

በተቃራኒውም አለ። ማገዶ ታዳሽ ሊሆን ይችላል፣ ግን የኩሽናው ጭስ የእናቶቻችንን ዓይን ያጠፋል። ታዳሽ ሆኖ ንጹህ ያልሆነ ማለት ነው።

---

የእንጦጦ ልጅ

ዳንኤል ማገዶ ካነሳህ ልናገር።

እናቴ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ተሸክሜያለሁ። ስለዚህ ማገዶ ይታደሳል ወይ የሚለውን በጀርባዬ አውቀዋለሁ። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ መልሶ ይቆረጣል። ያ ታዳሽ ነው። ጽድና ወይራ ግን እንደዚያ አይደሉም። የሴት አያቴ አገር ላይ በልጅነቷ ጫካ የነበረው ቦታ ዛሬ ድንጋይ ነው። ማንም መልሶ አልተከለውም። እሱም እኮ እንጨት ነበር።

አንድ ዓይነት ነገር እንደ አያያዛችን ታዳሽም ይሆናል፣ አላቂም ይሆናል።

ሌላው ደግሞ ይህን ሁሉ የምናወራው መብራት ያለን ሰዎች ነን። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት የለውም። መብራት ያለውም ብዙው ቤት የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው። ሜሮን ይህንንም እንድታውቅ እወዳለሁ።

---

ራይድ ሹፌር

የእኔ መኪና ኤሌክትሪክ ነው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ በኋላ ነው የገዛሁት። ሌሊት ቤቴ ቻርጅ አደርጋለሁ። ተሳፋሪዎች «በባትሪ ነው የሚሄደው?» ሲሉኝ «በአባይ ነው» እላቸዋለሁ። ደስ ይለኛል እንደዚያ ስል። አንዳንድ ቀን ግን መብራት ይጠፋና ጄኔሬተር ያለው ቦታ ሄጄ እሞላለሁ። ያን ቀን በናፍታ ሄድኩ ማለት ነው። የመምህር እንጀራ ይሄንን አስረዳኝ።

---

ቤተልሔም_ከጀሞ

የረጲውስ? ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው። ቆሻሻ አያልቅም መቼም። እሱን ታዳሽ እንበለው?

---

መምህር ዘ ፊዚክስ

ቤቲ፣ ረጲ በ2010 ሲመረቅ 25 ሜጋ ዋት ተብሎ ነው። ቆሻሻው ውስጥ ያለውን ለይተሽ እዪው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ ወረቀት፣ የቡና አተላ ካለ እሱ ከአፈር የበቀለ ነው፣ ነገም ይበቅላል። ፌስታልና ፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ነው። እሱን ማቃጠል ነዳጅ ከማቃጠል አይለይም። ስለዚህ ግማሽ ጎኑ ታዳሽ፣ ግማሽ ጎኑ የማይታደስ ነው። ቅይጥ እንጀራ ነው።

---

የቆቃ ልጅ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ያልተነካ ነገር አለ። እሱ ደግሞ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል።

ያደግኩት ቆቃ ግድብ አጠገብ ነው። ግድቡ የተሠራው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ነው። ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። 43 ሜጋ ዋት። ዛሬ ከሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ጋር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። በዘመኑ ግን የአገር ብርሃን ነበር።

አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እሱ በወጣትነቱ ጀልባ ያስገባበት የነበረው ቦታ ዛሬ ከብት ይግጥበታል። ውሃው ሸሽቶ አይደለም። አፈር ሞልቶበት ነው። አዋሽ በየክረምቱ ከላይ ከደጋው የተጠረገ አፈር ይዞ ይመጣል። ሐይቁ ጋ ሲደርስ ውሃው ይረጋጋል፣ አፈሩ ይዘቅጣል። ደለል ይሆናል። ከ60 ዓመት በላይ እንደዚያ ሆኗል። እምቦጩ ደግሞ ከላይ አለ።

ዳንኤል ውሃው አያልቅም አለ። እውነቱን ነው። ውሃው ይታደሳል። የግድቡ ሆድ ግን አይታደስም። አንዴ በአፈር ከሞላ መጥረጉ ከባድ ነው፣ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ሆዱ ሲጠብ ክረምት የመጣውን ውሃ መያዝ አይችልም። በጋ ላይ የምናሽከረክርበት ይጎድላል።

አባይም እኮ አፈር ተሸካሚ ነው። ሱዳን ያለው ሮዛሬስ ግድብ ስንት ዓመት በዚሁ ደለል ሲቸገር ኖሯል። አሁን ያ አፈር ቀድሞ የሚደርሰው እኛ ግድብ ጋ ነው። ሕዳሴ በጣም ሰፊ ስለሆነ ቶሎ አይሞላም፣ ይህን አውቃለሁ። ግን ጎጃምና ወሎ ላይ እርከን የሚሠራው ገበሬ፣ ዛፍ የሚተክለው ሰው፣ ለእኔ ተርባይን ከሚጠብቀው ኢንጅነር እኩል መብራታችንን ይጠብቃል። ታዳሽነቱ ያለው እዚያ ተራራ ላይ ነው።

ይህን ስጽፍ ትንሽ ስሜታዊ ሆኛለሁ። አባቴ አርፏል። ጀልባው ግን እስካሁን አለ።

---

ዳንኤል_ኃይል ማመንጫ

ነፍስ ይማር ወንድሜ። ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ጣቢያ ላይ ስንሠራ ክረምት የሚገባው ውሃ ቀለሙ ሲለወጥ ነው እኛም የምንጨነቀው። ደለሉ ተርባይኑንም ይበላዋል።

---

የሜሮን አባት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ክሩን አትሜ ለሜሮን ሰጠኋት። ከ70ው በርሜል በታች ሦስት ጊዜ አሰመረችበት። ዛሬ ጠዋት እናቷ ልትጋግር ስትል መጥታ ከምጣዱ አጠገብ ቆመች፣ ሰዓት ያዘች። 48 ደቂቃ ፈጀ። 56 በርሜል ብላ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች።

ሰኞ ዕለት ወደ መምህሯ ሄጄ ነበር። ለመከራከር አልሄድኩም፣ ልጠይቅ ነው የሄድኩት። መምህሩ ወጣት ነው። ቁጭ ብሎ ሰማኝ። «ጥያቄውን ከድሮ ፈተና ነው የወሰድኩት፣ አላስተዋልኩትም» አለኝ። ከዚያ ሜሮንን ጠርቶ «አንቺ ብትሆኚ እንዴት አድርገሽ ትጠይቂው ነበር?» አላት። እሷም ቆማ አሰበችና ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

«ኤሌክትሪክ ከሚመነጭባቸው ከሚከተሉት ምንጮች ውስጥ የማይታደሰው የትኛው ነው? ሀ. ነፋስ ለ. ናፍታ ሐ. የምድር እንፋሎት መ. ውሃ»

ለሚቀጥለው ፈተና ይህንን እንደሚያወጣ ነግሮናል። ለክፍሉም በሙሉ ነጥቡን ሰጥቷል።

የቆቃ ልጅ፣ አንተን በተለይ አንድ ነገር ልለምንህ። ያንተን ጽሑፍ ካነበበች በኋላ ሐይቁን ካላሳየኸኝ እያለች ነው። መቼ ብንመጣ ይሻላል?

---

የቆቃ ልጅ

ኧረ በደስታ! ነሐሴ ላይ ኑ። ያኔ አዋሽ ቀይ ሆኖ ሲገባ ታየዋለች። አንድ ብርጭቆ ቀድታ ታስቀምጠው፣ ማታ ሲረጋ ታችኛው ላይ ስንት ጣት አፈር እንደሚቀር ትለካለች። አዳማ አካባቢ ስትደርሱ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖችም አሳያት። በጀልባው እኔ አዞራታለሁ።